ረቡዕ ስለሚታሸገው የእንግዳ ክፍላችን በር

ለክቡር ሐቲም ቢን ራሺድ
የባሕር ጠረፍና የጎብኚዎች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ሱር

ጉዳዩ፦ ሆቴል መሆኔን ከጽሕፈት ቤትዎ በመስማቴ የተሰማኝን ምስጋና ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ፣ አላህም ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ በተለይም ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ የዓይንዎን ብርሃን እጥፍ አድርጎ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ወገቤ ከዚህ በላይ አይታጠፍም፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከመርከብ ሆድ ሥር ተንጋልሎ ምስማር ሲመታ የኖረ ሰው ወገብ ነውና በንቀት እንዳይተረጎምብኝ።

ስሜ ኸልፋን ቢን ጁምዓ ይባላል፤ ጡረታ የወጣሁ የእንጨት መርከብ አናጢ ነኝ። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ግን ስሜ «ያልተፈቀደ ማረፊያ ቁጥር 41» መሆኑን ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤ ተረድቻለሁ። ደብዳቤው እንደሚያስረዳው፣ ወደ መንገድ የምትከፈተው አንዲቷ የእንግዳ ክፍላችን የሆቴል ፈቃድ ሳታወጣ እንግዳ ስታሳድር ስለተደረሰባት፣ በመጪው ረቡዕ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ የክቡርነትዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት በሯ ላይ ተለጥፎ ትታሸጋለች።

ከሰባቱ ቀናት ረቡዕን በመምረጥዎ አደንቅዎታለሁ። በማግሥቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ ከጃዕላን ከተማ ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ ይመጣሉና። የልጄን ስም በአደባባይ አልጽፍም፤ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከዚህ በፊት የመጡትን አራቱን ከምታርመው ደብተር ላይ ቀና ሳትል ነው የመለሰቻቸው። ለዚህኛው ግን እናቷን «የትኛውን ልብስ ልልበስ?» ብላ ጠይቃለች። ክቡርነትዎ ከዋና ከተማ ተሹመው ከመጡ ገና ሰባት ወርዎ ስለሆነ የሰፈራችንን ወግ ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ ልንገርዎ። በኛ ሰፈር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ የእንግዳ ክፍሉን በር ተዘግቶ ካገኘው አያንኳኳም፣ አይጠይቅም፤ መልሱን አገኘ ማለት ነውና ይመለሳል፣ ያ ነገር ሁለተኛ አይነሣም። ነፋስ የዘጋው በር እንኳ ስንቱን ጋብቻ አስቀርቷል፤ ለዚህ ነው ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው በሩን በድንጋይ የሚያስደግፈው። የክቡርነትዎ ወረቀት ደግሞ ከነፋስ ይበረታል።

ስለሆነም ክፍሏ ሳትታሸግ ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

በአንደኛ ደረጃ የማመሰግንዎ ሆቴል መሆኔን ስለነገሩኝ ነው። ሰው ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሮ ራሱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። እኔ ቤት ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ሄንድሪክና ማርጆሌን የሚባሉ ከሆላንድ አገር የመጡ ባልና ሚስት መንኮራኩር ያለው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ክፍት በሆነው በራችን ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ይህን ሳይ ደስ አለኝ። ትራስ ተደግፈው ተቀመጡና ፈገግ አሉ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ተምር ቀረበ፣ ቡና ተቀዳ። በኛ ዘንድ እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው «ከየት መጣህ፣ ምን ፈለግክ፣ መቼ ትሄዳለህ» ተብሎ አይጠየቅም፤ መጠየቅ «ሂድልኝ» ማለት ነው። ስለዚህ አልጠየቅኩም። እነሱም በበኩላቸው ምንም የሚጠይቁት አልነበራቸውም፤ ስልካቸው «ደርሳችኋል» ብሏቸው ነበርና።

በቡናው ላይ ጥቂት አለመግባባት መፈጠሩን አልክድም። ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ «በቃኝ» ላላለ ሰው እኔ ዝም ብዬ እቀዳለሁ፤ ሴትየዋ ከጨዋነቷ የተነሣ አልነቀነቀችም፣ እኔም ከጨዋነቴ የተነሣ አላቆምኩም። አሥራ አራተኛው ላይ እጇ ራሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «በቃኝ» ማለቷ መስሎኝ ጀበናውን አስቀመጥኩ።

ከቤታችን በስተኋላ የሐምዳን ቢን ኸሚስ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ እውነተኛ ማረፊያ፣ ፈቃድ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ ሳይቀር የተሰቀለበት። ባልና ሚስቱ ክፍል የያዙት እሱ ዘንድ ኖሯል። ሐምዳን አንሶላ አንጥፎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በማግሥቱ እኔ ዘንድ መጣ። ስማቸውን ስጠራ ሰማ፣ የሱ እንግዶች መሆናቸውን ዐወቀ፣ ከጎናቸው ተቀምጦ ሦስት ፍንጃል ጠጣ፣ ስለ ሰርዲን ማስገር አወራንና መርቆን ሄደ። በሦስተኛው ቀንም መጣ፤ ያን ቀን ስለ ነፋስ አወራን። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከሄዱ በኋላ ነው ቀስ ብሎ «ኸልፋን፣ እነዚያ ሰዎች እኮ የኔ ነበሩ» ያለኝ።

«ታዲያ ምነው አፍ አልነበረህም?» ብለው፣ «ከሰው ቤት እንግዳ ልንጠቅ? ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር፤ ኡም ሰዒድም ዓሣውን ጠብሳ ጨርሳ ነበር» አለኝ። ኡም ሰዒድ ባለቤቴ ናት።

በሁለተኛ ደረጃ የማመሰግነው የጽሕፈት ቤትዎን የንባብ ፍቅር ነው። ባልና ሚስቱ አገራቸው ገብተው በወደብ ከተማችን በሱር ስላሳለፉት አጭር ዕረፍት የተሰማቸውን በኢንተርኔት ጽፈዋል፤ ጽሕፈት ቤትዎም ይህን አስተርጉሞ፣ በቢጫ ቀለም አስምሮበት፣ የጥፋቴ ማስረጃ አድርጎ ከደብዳቤው ጋር አያይዞልኛል። ሕዝቡም እንዲያውቀው ከፊሉን እጠቅሳለሁ።

«ባለቤቱ ከእንግዳ አይለይም። ቁርስ ስንበላ አጠገባችን ነው፣ ምሳ ስንበላ አጠገባችን ነው። ብቻችንን መሆን እንደምንፈልግ ለመጠቆም መጽሐፍ ስናወጣ እሱም መነጽሩን አውጥቶ ከትከሻችን ላይ ማንበብ ጀመረ።» እውነት ነው። እንግዳን ለብቻው ትቶ መሄድ ፊት መንሳት ነው፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮዬን ትቼ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ያልወጣሁት፣ መጽሐፉም ከዳር እስከ ዳር ስለ ቢራቢሮ ነበር።

«የምግብ ዝርዝር የለም፤ የመጣው ይመጣል። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ቀርቦ ጭንቅላቱ ማርጆሌንን ያያል።» ወደ ማን ይዙር ታዲያ?

«በጣም ማልዶ ከድምፅ ማጉያ ጥሪ ይሰማል። ሆቴሉ ድምፁን እንዲቀንስልን ባለቤቱን ብንጠይቀው ፈገግ ብሎ እሱ ራሱ ወደ ድምፁ ሄደ።» ለሱብሒ ሶላት ነው የሄድኩት። ደግሞ እንግሊዝኛዬ የወደብ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ «አብረን እንሂድ ወይ?» ያሉኝ መስሎኝ «ነገ» ብያቸዋለሁ።

«አንዲት ፍየል ሳታንኳኳ ትገባለች።» የሐምዳን ናት።

«የመዋኛ ገንዳ የለውም። ባሕሩ አርባ እርምጃ ላይ ቢሆንም ጨዋማ ነው።»

«ስንሄድ ሒሳብ ብንጠይቅ የባለቤቱ ፊት ጠቆረ፤ ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ሻንጣችንን ከፍተው ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ሞሉበት። ይህ አንድ ዓይነት ማጭበርበር ሳይሆን አይቀርም፤ እንዴት እንደተጭበረበርን ግን እስካሁን አልገባንም።»

በመጨረሻም ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥተውናል። ሩዙ ግሩም ሆኖ ጨው ያንሰዋል ይላል። ይህን ለኡም ሰዒድ ባነብላት ጭልፋዋን አስቀምጣ ጥቂት አሰበችና፣ «ባሕሩን ጨዋማ ያሉት እነዚሁ ናቸው?» አለች። «እነሱ ናቸው» አልኳት። «በል ተዋቸው፤ እነዚህ ሰዎች ችግር አለባቸው፣ ለሕመምተኛ ይጸለያል እንጂ አይቀየሙትም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔም ባልና ሚስቱን አልቀየምኩም። የማያውቁት አገር መጥተው፣ የማያውቁት ቤት ገብተው፣ የተሰማቸውን ጻፉ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ከተርጓሚው እስከ ክቡርነትዎ ድረስ በስድስት ሰዎች እጅ ማለፉን ከፊርማዎቹ ቆጥሬ ዐይቻለሁ፤ ከስድስቱ አንድ እንኳ አልሳቀም። ስድስቱም እናት አላቸው፣ ስድስቱም እንግዳ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው በሚነሣበት ቤት አድገዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ስለ ማሟያ ዝርዝሩ አመሰግናለሁ። ከመታሸግ ለመዳን አሥራ ዘጠኝ ነገሮች እንዳሟላ ታዝዣለሁ፤ ሕግ አክባሪ ነኝና ሞክሬአለሁ። የእሳት ማጥፊያ ሰቅያለሁ፤ ፍየሏ ፈርታው ሁለት ቀን አልገባችም፣ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። «የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ» የሚለውን ከመጨረሻዋ መርከቤ በተረፈኝ እንጨት በገዛ እጄ ሠርቼ በሩ አጠገብ አቆምኩ፤ ከኋላው ቆሜ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ ሱቅ የከፈትኩ እየመሰለው ክብሪት ይጠይቀኛል። የቅሬታ መዝገብም አስቀምጬአለሁ። እስካሁን የጻፈችበት ባለቤቴ ብቻ ናት፣ ስድስት ገጽ።

በተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ «ሠራተኞች ስማቸው የተጻፈበት ምልክት ደረታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ» ስለሚል ለእርሷም አሠርቼ አቀረብኩላት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና «አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ ዛሬ ነው ስሜ የጠፋህ?» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ የበላሁት ከሐምዳን ጋር ነው።

በአራተኛ ደረጃ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን የበሩ ጥበቃ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ምን ፈለግክ?» አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ በር ላይ እንዲህ ተብዬ ስለማላውቅ የፈለግኩት ጠፋኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ሠራተኞቹ በሙሉ ስለ እንግዳ አቀባበል ሥልጠና ሄደዋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በሦስተኛው ቀን ጆኻ የምትባል ልጅ መስኮት ላይ አገኘሁ። አላህ ይባርካት፣ ወንበር የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት፤ የራሷን ወንበር ሰጥታኝ ቆማ ነው ኮምፒዩተሯን የነካካችው።

«አጎቴ፣ በዓመት ስንት እንግዳ ታሳድራለህ?» አለችኝ።

«እንግዳ አይቆጠርም ልጄ፣ ነውር ነው።»

«ዐውቃለሁ፣ የኔም አባት እንዲያ ነው። ግን ለማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ነውር አያውቅም።»

«እንግዲያው የመጣውን ሁሉ በይው።»

አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ «የአንድ ቀን ኪራይስ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ዜሮ ስትጽፍ ማሽኑ ጮኸ። እንደገና ጻፈች፣ እንደገና ጮኸ። «አጎቴ፣ ዜሮ አልቀበልም ይላል። እባክህ አንድ ሪያል በል፣ ማንም አያስከፍልህም፣ ለወግ ያህል ነው፤ ፈቃዱ አሁኑኑ ይወጣልሃል።»

ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። ነገር ግን አባቴ በዚያች ክፍል ውስጥ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ዘጠኝ የሕንድ መርከበኞች ከነሕመምተኛቸው ሃያ ሰባት ቀን አስተኝቷል፤ እኛ ልጆቹ ጣሪያ ላይ ስናድር፣ እናቴ የራሷን ድርሻ ለሕመምተኛው ስትሰጥ ዐይቻለሁ። ሲሄዱ አለቃቸው ቀለበቱን ቢያወልቅ አባቴ እጁን ይዞ ቀለበቱን መልሶ አጠለቀለት። አሁን እኔ ልጁ የዚያችን ክፍል ዋጋ በወረቀት ላይ አንድ ሪያል ብዬ ባስጽፍ በየትኛው ዓይኔ ነው መቃብሩን የማየው? «አልችልም ልጄ» አልኳት። «እንግዲያው ሆቴል አይደለሁም ብዬ ላመልክት።» ጆኻ ፈለገች፣ ፈለገች፤ «አጎቴ፣ እሱንም ለማመልከት መጀመሪያ የሆቴል ፈቃድ ቁጥር አስገቡ ይላል» አለችኝና አንገቷን ደፋች።

እንግዲህ እንደተረዳሁት፣ ካስከፈልኩ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ካላስከፈልኩ ይታሸጋል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ጥሩ አናጢ አይሆንም ነበር።

ተቆጣጣሪዎን ዙሃይርንም ሳላመሰግን አላልፍም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ማኅደርና ሜትር ይዞ መጣ። የእንግዳ ወጉ ይታወቃልና አልጠየቅኩትም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማኅደሩን ከፈተ፣ ከውስጥ ሩዝ መጣ፣ ማኅደሩን ዘጋ። እሑድም እንደዚያው፤ እሑድ ዓሣ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬ ሰኞ መሆኑ ነው፣ ወጉ ስለሚፈቅድልኝ «ልጄ፣ ምን እግር ጣለህ?» አልኩት። ፊቱ ቀልቶ ማኅደሩን ጭኑ ላይ አደረገ።

«አጎቴ፣» አለኝ፣ «ማሸጊያው ወረቀት በሩን አልፎ እንዳይወጣ የበርህን ስፋት ለክተህ ና ተብዬ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እህልህን እየበላሁ በዓይኔ ስለካው ነበር። እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።»

«ለምን በሜትርህ አልለካኸውም?»

«እንዴት ተነሥቼ ልለካ? ባለቤትህ ዓሣውን እየላከችልኝ።»

ስፋቱን እኔው ነገርኩት፤ በሩን የሠራሁት እኔ ነኝና። እሱም በማኅደሩ ላይ ጽፎ፣ አራት ልጆች እንዳሉት፣ ረቡዕ ካላሸገ ሥራውን እንደሚያጣ ነገረኝ። አንጀቴን በላው። «ለኃላፊው ጻፍለት» አለኝ ሲወጣ፣ «ለብቻው ብትልክለት ግን አያነበውም፤ ሰው የሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ያኔ ሌሎች ያነቡለታል።» ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው በርስዎው ሠራተኛ ምክር ነው፤ ዙሃይርን እንዳይቀጡት፣ የሠለጠነ ምክር ነው የሰጠኝ።

*

እስከዚህ ያለው ትናንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ የተጻፈ ነው። ልጄ እንደ አስተማሪነቷ በቀይ እስክሪብቶ ፊደሉን አርማልኛለች፤ በሄንድሪክ መጽሐፍ ላይ ትንሽ ሳቀች፣ በቀረው አልሳቀችም። ዛሬ ማክሰኞ ጧት ላስለጥፈው ስነሣ ሌላ ነገር መጣ።

ወጉ እንደሚያዘው ልጄን ሊያገባ የሚጠይቀው ልጅ እናት ሐሙስ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ስም ለኡም ሰዒድ በስልክ በድምፅ ላከችላት፣ ስንት ሰው እንደምታበላ እንድታውቅ። ሰባት ናቸው። ስማቸው አንድ በአንድ ተጠራ፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ሁለቱ የልጁ አባት ወንድሞች ናቸው። አንዱ የመስጊዳቸው ኢማም ነው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ኩራቷ እየተሰማ፣ «ወንድሜ ሐቲም ቢን ራሺድም ሥራ ቢበዛበትም ለእህቱ ልጅ ሲል ይመጣል» አለች።

ክቡር ሆይ፣ የሚመጡት እርስዎ ነዎት።

ሽማግሌ የሚሄድበትን ቤት ስም ሳይጠይቅ መኪና ውስጥ እንደሚገባ ዐውቃለሁ፤ ኃላፊም የሚያሽገውን ቤት ስም ሳይጠይቅ እንደሚፈርም ከርስዎ ተምሬአለሁ። በአንዱ እጅዎ ቁጥር 41ን ሊያሽጉ ፈርመዋል፣ በሌላው እጅዎ የኸልፋንን ልጅ ሊጠይቁ ሐሙስን ከሥራ አስፈቅደዋል፤ ሁለቱ እጆችዎ ግን አልተዋወቁም።

ነገሩን ስንሰማ ኡም ሰዒድ «ሰባት» ብላ ሰባት ሳሕን አወረደች። ልጄ በሩ መድረክ ላይ ተቀመጠች። እኔ የጻፍኩትን ይዤ፣ አንዳንዱን እንዴት አድርጌ ከዚህ የባሰ መራራ ላድርገው እያልኩ ሳስብ፣ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ቀልዱ ይብቃህና ዝም ብለህ ለምነው» አለችኝ።

በሕይወቷ አንድ ነገር ለራሷ ስትጠይቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው መምህርት እንድትሆን ነበር። ሳልደብቅ ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። እስከ ትናንት ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም ነበር፤ ዛሬ ጧት በሩ መድረክ ላይ ተቀምጣ ሳያት ግን ንዴቱ ለቀቀኝ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ። አየሽ ልጄ፣ ጻፍኩት። ክቡር ሐቲም ቢን ራሺድ፣ ነገ ከዙህር በፊት ያቺን ወረቀት እንዲመልሷት እለምንዎታለሁ፤ ምክንያት አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠብቅም።

ካልመለሷት ደግሞ የሚሆነውን ከወዲሁ ላሳውቅዎ። ሐምዳን ወረቀቱን ልቅደደው ብሎኛል፣ ከልክየዋለሁ። ሕግ ነው፤ የመንግሥት ወረቀት አንነካም። በጓሮ በርም ሽማግሌ አናስገባም፤ ልጃችን የጓሮ ልጅ አይደለችም። ኡም ሰዒድ ለሰባት ሰው ታበስላለች፣ እኔም ልብሴን ቀይሬ ከውስጥ እቀመጣለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ መኪናዎቹ ይቆማሉ። ከቀሩት ስድስት ሽማግሌዎች ጋር ወርደው ወደ በሩ ይመጣሉ፣ ወረቀቱንም ከማንም በፊት ያውቁታል። እንደ ወጉ አያንኳኩም፤ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ከኋለኛው መኪና ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው የእህትዎ ልጅ «አጎቴ፣ ምን አሉ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እኛ ምንም እንዳላልንና መልሱን ማን እንደፈረመው እንዲነግሩት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማይታጠፈው ወገብና ከማይዘጋው ቤት፣ የወንበርዎን ዕድሜ፣ የብዕርዎን ዕረፍት፣ የእህትዎን ደስታ ሁልጊዜ የምመኝ፣ በመዝገብዎ ቁጥር አርባ አንድ፣ በሰፈሬ

ኸልፋን ቢን ጁምዓ
የመርከብ አናጢ

ግልባጭ፦
ለዓሣ ገበያው የምሥራቅ ግድግዳ
ለሐምዳን ቢን ኸሚስ
ለወይዘሪት ጆኻ፣ ወንበሯን ስለሰጠችኝ

በድጋሚ፦ ምናልባት የሚነግርዎ ሰው ከሌለ፣ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እንደሌላው እንግዳ ሦስት ቀን አይጠበቅለትም፤ ገና ትራሱን ሳይደገፍ «ምን እግር ጣላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው የልጅቷ አባት ነው፤ መላሹ ከሽማግሌዎቹ መካከል በሥልጣን ከፍ ያለው ነው። እኔ በበኩሌ ጥያቄዬን አጥንቻለሁ።